ስም የወጣለት ዶሮ

ጸሎተ ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ። ከሽሮ ሜዳ አስፋልት ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ኮረኮንች ላይ አውራ ዶሮ ታቅፌ ዳገቱን እወጣለሁ። በበዓል ሰሞን ዶሮ ይዞ መሄድ ማንንም አያስገርምም። ዶሮውን እንደ ሕፃን በነጠላ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ አስደግፎ የሚሄድ ጎልማሳ ግን ያስቃል። ሁለት ልጃገረዶች አይተውኝ ተሳሳቁ። አንድ ሽማግሌ ቆም ብለው «ታመመብህ እንዴ?» አሉኝ።

እትዬ አስካለ ግቢ ስደርስ ላብ አጥምቆኛል። የእናቴ ጓደኛ ናቸው፤ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ እኔንም በከፊል ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። የዕድሜያቸውን እኩሌታ በእርሻ መሥሪያ ቤት ተቀጥረው፣ ለገበሬ የዶሮ እርባታ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። አሁን ዘጠኝ ሴት ዶሮና አንድ ያረጀ አውራ አሏቸው። እንቁላላቸውን ይሰበስባሉ እንጂ አንዷንም አርደው አያውቁም። ሠፈርተኛው ይህን እንደ ቀላል እብደት ቆጥሮ ይቅር ብሏቸዋል። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ጉልባን ሲበሉ አገኘኋቸው።

እትዬ አስካለ፦ ይኼን ደግሞ ማን አስታቀፈህ?

እኔ፦ ሻምበል ይባላል እትዬ። ቸግሮኝ ነው የመጣሁት።

እትዬ አስካለ፦ ስም አወጣችሁለት? በቃ፣ አለቀልህ! ና ቁጭ በል፤ ጉልባን ውሰድ። እናንተ ቤት ከገባ ስንት ጊዜው ነው?

እኔ፦ ሦስት ሳምንት። የበዓል ዋጋ ሳይንር ብዬ በጾሙ መሃል ከሾላ ገበያ ገዛሁት፤ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ። መጀመሪያ እግሩን በሲባጎ አስረነው ነበር። በማግሥቱ ልጄ ፈታችው። በአራተኛው ቀን ከመዳፏ ስንዴ መልቀም ጀመረ። ሳምንት ሲሞላው ከትምህርት ቤት ስትመለስ በር ድረስ እየሮጠ ይቀበላታል። አንድ ጡረታ የወጡ ሻምበል ጎረቤት አሉን፤ ደረታቸውን ነፍተው ነው የሚራመዱት። «እሳቸውን ይመስላል» አለችና ስሙን አወጣችለት። ትናንት ማታ ደግሞ «አባዬ፣ ለሻምበል ለፋሲካ ምን እንገዛለታለን?» ብላ ጠየቀችኝ።

እትዬ አስካለ፦ ምን አልካት?

እኔ፦ እንቅልፌ መጣ አልኳት።

እትዬ አስካለ፦ (ሳቃቸው ጉልባኑን አስፈነጠረባቸው) ታዲያ አሁን እኔ ምን ልሁን?

እኔ፦ ያሰብኩት... እዚሁ ጓሮ አርጄው፣ ሥጋውን በፌስታል ይዤ ልገባና ልጅቷን «ጠፋ» ልላት ነው።

እትዬ አስካለ፦ እኔ ግቢ? ሊቀመንበር እያየች?

እኔ፦ ሊቀመንበር ደግሞ ማናት?

እትዬ አስካለ፦ ያቻትና፣ ገብስማዋ። አጥሩ ሥር ቆማ የምትገላምጥህ። እሷ የመጀመሪያዋ አይደለችም። የመጀመሪያዋን ሊቀመንበር በደርግ ጊዜ ነው ስም ያወጣሁላት፤ ያኔ ስሟን የምጠራው በሹክሹክታ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌሎቹን ሁሉ የምትረግጠው ዶሮ እኔ ቤት ሊቀመንበር ትባላለች። አንዷ ስትሞት ሌላዋ ሹመቱን ትወስዳለች፤ እኔ አልሾምም፣ ራሳቸው ናቸው የሚጨርሱት። ስለ ልጅህ ግን ልንገርህ፦ «ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት» ሲባል ሰምተሃል። አንተ ዶሮውንም ልጅህንም በአንድ መጫኛ ልትጥል ነው የመጣኸው።

(ይህን ሲሉ ሻምበል ከነጠላው አንገቱን አውጥቶ ግቢውን ቃኘ። ዘጠኙም ቀና አሉ። ያረጀው አውራ ከአመድ ጉድጓዱ ሳይነሳ አንድ ዓይኑን ብቻ ገለጠ።)

እኔ፦ ስለ ሹመት ካነሱ አይቀር፣ ይህን ነገር መጀመሪያ ያጠናው ልጅ ነበር ይባላል። ቶርሌይፍ ሼልደሩፕ-ኤበ የሚባል ኖርዌያዊ። ገና በሕፃንነቱ ዶሮዎችን ቁጭ ብሎ እያየ ማን ማንን እንደምትነክስ፣ ማን ለማን ቦታ እንደምትለቅ ይመዘግብ ነበር። አድጎ ጥናቱን በ1921 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አቀረበው። ዛሬ ፈረንጆች በየቢሮው ስላለው የበላይና የበታች ሲያወሩ የሚጠቀሙበት አነጋገር ከዚያ ልጅ ዶሮዎች የመጣ ነው።

እትዬ አስካለ፦ ማታ እኔ ጋ መጥቶ ቆጥ ሲወጡ ቢያይ በአንድ ምሽት ይጨርሰው ነበር። ሊቀመንበር መጀመሪያ ትወጣለች፣ ግድግዳው ጥግ፣ ነፋስ የማይደርስበት። ከዚያ ወሰራዋ። ከዚያ ሁለቱ ቀያዮች እየተገፋፉ። መላጣዋ፣ ያቺ አንገቷ ላባ የሌላት፣ መጨረሻ ላይ በሩ አጠገብ ታድራለች። መጀመሪያ አካባቢ አዝኜላት ከጥጉ አስቀምጫት ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሲነክሷት አደሩ። በሰው ጉዳይ ጣልቃ አትግባ ይባላል፤ በዶሮም ጉዳይ እንደዚያው ነው።

እኔ፦ እርስዎ ዶሮ ማርባትን ለሌላ ሰው ሲያስተምሩ ነው የኖሩት። እንቁላሉ፣ ሥጋው፣ ገቢው እያሉ። መቼ ነው እንዲህ የሆኑት?

እትዬ አስካለ፦ «እንዲህ» ማለት እንደ ማበድ?

እኔ፦ ኧረ እንደሱ ማለቴ አይደለም።

እትዬ አስካለ፦ ነው እንጂ፣ ምን ያሳፍርሃል። 1971 ዓ.ም. ነው። ደብረ ብርሃን አካባቢ ተመድቤ የፈረንጅ ዶሮ ለገበሬ አከፋፍል ነበር። ሌግሆርን የሚባሉ ነጫጮች፣ ሮድ አይላንድ ሬድ የሚባሉ ቀያዮች። እነዚህ ዘሮች በ1940ዎቹ ነው በጅማና በዓለማያ እርሻ ትምህርት ቤቶች በኩል የገቡት። እኔም በቁጥር ነበር የማስተምረው። የሀበሻ ዶሮ በዓመት ከአርባ እስከ ስድሳ እንቁላል ትጥላለች፣ ያቺ ደግሞ በደንብ ከተያዘች ሁለት መቶ ትዘላለች። የአሁኖቹ ደግሞ ሦስት መቶ ይደርሳሉ። ይህን ስናገር አንዲት አሮጊት ከኋላ ተነስተው «ልጄ፣ ትታቀፋለች?» አሉኝ። «አትታቀፍም» አልኳቸው፤ እንደ ጥሩ ነገር። እውነት ነው፤ ሌግሆርን መታቀፍ ትታለች፤ ሲያራቧት ሲያራቧት ያ ጠባይ ከውስጧ ጠፍቷል። አሮጊቷ ራሳቸውን ነቅንቀው «ታዲያ ይቺ እንቁላል ናት እንጂ ዶሮ ምኗ ላይ ነው!» ብለውኝ ተቀመጡ።

እኔ፦ ተቀየሙ?

እትዬ አስካለ፦ ያኔ በልቤ «ያልተማረች» ብያቸዋለሁ። ከስድስት ወር በኋላ ተመልሼ ስሄድ ከነጫጮቹ አብዛኞቹ የሉም። ጭልፊት። ነጭ ዶሮ አረንጓዴ ሜዳ ላይ ከሰማይ ስትታይ የተሰጣ ሸማ ማለት ናት። ገብስማዋ ግን ከአፈሩ ጋር ትመሳሰላለች። ቀሪዎቹ ጥሬ ሲያንሳቸው መጣል አቆሙ። የሀበሻዋ ደግሞ በአሮጊቷ ጓሮ አሥራ አንድ ጫጩት አስከትላ ትጭራለች። ይኼን አይቼ ነው አንዲት ገብስማ ገዝቼ ክፍሌ ውስጥ ማሳደር የጀመርኩት፤ ለማጥናት በሚል ሰበብ።

እኔ፦ የመጀመሪያዋ ሊቀመንበር።

እትዬ አስካለ፦ እሷው ናት። ሲመሽ አምፖል ሳላጠፋ አትተኛም ነበር።

እኔ፦ እሺ፣ ደስታው የቱ ላይ ነው? እኔ ሦስት ሳምንት ያየሁት ኩስ ብቻ ነው። በረንዳው፣ ጫማዬ፣ አንድ ቀን የመኪናዬ ወንበር።

እትዬ አስካለ፦ ኩሱን ለጎመንህ አድርገው፤ ትኩሱን ግን ያቃጥለዋል፣ ይክረም። ደስታው... ምን ልበልህ። አንዲት ዶሮ ልትታቀፍ ስትል አይተህ ታውቃለህ? አሥራ ሁለት፣ አሥራ አምስት እንቁላል ትጥልና አንድ ቀን አልነሳም ትላለች። እጅህን ስትሰድ ላባዋን ነፍታ ትቆጣሃለች። የደረቷን ላባ ታራግፋለች፤ እንቁላሉ በቀጥታ ገላዋን እንዲነካ። ሃያ አንድ ቀን! በቀን አንዴ ወጥታ ውኃ ትጠጣለች፣ ጥቂት ትለቅማለች፣ የተጠራቀመ ኩሷን ትጥላለች፣ ሮጣ ትመለሳለች። እንቁላሉን በምንቃሯ ቀኑን ሙሉ ታገላብጣለች፤ ከዳር ያለውን ወደ መሃል፣ ከመሃል ያለውን ወደ ዳር። እኔ ሙቀት መለኪያ ያለው የብረት ማስፈልፈያ አይቻለሁ። እንደሷ አይጨነቅም።

እኔ፦ ገጠር ግን ይህን መታቀፍ ለማስጣል ያላደረጉት የለም አሉ።

እትዬ አስካለ፦ የእንቁላሉን ገንዘብ ሲፈልጉት። ቁልቁል ይሰቅሏታል፤ ውኃ ውስጥ ይነክሯታል፤ ላባ ነቅለው በአፍንጫዋ ቀዳዳ ያሾልኩባታል፤ ወይ ደግሞ ጎረቤት ይልኳታል፣ ጎጆዋን እንድትረሳው። ጎረቤት መላኩ ይሻላል፤ ሌላውን ሳይ ሆዴ ይላወሳል። ደሃ ሰው ላይ አልፈርድም። እንቁላሉ የልጅ ደብተር ነው፣ ጨው ነው። ግን በሃያኛው ቀን አጠገቧ ቁጭ ብለህ ብታዳምጥ ኖሮ... ጫጩቶቹ ገና ቅርፊቱን ሳይሰብሩ ከውስጥ ጽው ጽው ይላሉ። እሷም ዝቅ ባለ ድምፅ ትመልስላቸዋለች። ሳይተያዩ ይነጋገራሉ ማለት ነው። እኔ ወልጄ አላውቅም፤ ታውቃለህ። ይህን ድምፅ መጀመሪያ የሰማሁ ሌሊት መሬት ላይ ተጋድሜ አነጋሁ።

(ዝም አልኩ። ዝምታው ከበዳቸው መሰለኝ ተነስተው ለዶሮዎቹ አንድ እፍኝ በቆሎ በተኑ።)

እትዬ አስካለ፦ ሲፈለፈሉ ደግሞ ሁለት ቀን ምንም ባይበሉ ግድ የላቸውም። አስኳሉን ሆዳቸው ውስጥ ይዘውት ነው የሚወጡት፤ ስንቅ። እኛ በካርቶን ጭነን ገጠር ድረስ የምንወስዳቸው በዚያ ስንቅ ተማምነን ነበር። ያን ጊዜ ስንቁን እንጂ እናታቸውን አላሰብኩም ነበር።

እኔ፦ ኀዘኑስ? እናቴ አንድ ዓመት ላይ ለቅሶ የተቀመጡ ያህል ነበር ትላለች።

እትዬ አስካለ፦ ፈንግል። ስሙን ስጠራው እንኳ ምላሴ ይደርቃል። ለእንቁጣጣሽ ሰሞን ነው፤ ገበያ ወጥቼ አንዲት ቀይ ቄብ አየሁ። እንዲህ የምታበራ! ገዝቼ መጣሁና ያን ዕለት ማታ ከሌሎቹ ጋር ቆጥ ላይ አወጣኋት። እኔ! ለሰው «አዲስ ዶሮ ሁለት ሳምንት ለብቻ አቆዩ» ብዬ ስንት ዓመት ያስተማርኩት ሰው። በአምስተኛው ቀን አንዷ ክንፏን ጣለች። አረንጓዴ ተቅማጥ። ከዚያ አንገት መጠማዘዝ ይመጣል፤ ራሷን ወደ ኋላ አዙራ ሰማይ ሰማይ ታያለች። ነጭ ሽንኩርት ሰጠሁ፣ ሎሚ ጨመቅሁ፣ ጎረቤት አረቄ አመጣልኝ። እንደማይጠቅም አውቃለሁ። ፈንግል ቫይረስ ነው፣ ከያዘ መድኃኒት የለውም። ግን እጅ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ከአሥራ ሁለት አሥራ አንዱ በአራት ቀን አለቁ። የቀረችው ያቺው ከገበያ የመጣችው ቀይ ናት።

እኔ፦ አልጠሏትም?

እትዬ አስካለ፦ ሳምንት ያህል አላየኋትም። ውኃዋን አስቀምጬ ፊቴን አዞር ነበር። በኋላ ግን ሳስበው ጥፋቱ የሻጩም ላይሆን ይችላል። ሰው ዶሮዎቹ መታመም ሲጀምሩ ያልታመሙትን ቶሎ ገበያ ያወጣል፤ ከነሕመማቸው ከመሞታቸው በፊት። በሽታው የሚጓዘው በዚሁ ነው። የበዓል ገበያ ደግሞ ከየአገሩ የመጣ ዶሮ ክንፍ ለክንፍ የሚነካካበት ነው። ስለዚህ ይህ ሻምበልህ...

እኔ፦ ጤነኛ ነው! ሦስት ሳምንት እኮ ሆነው።

እትዬ አስካለ፦ እሱን እናያለን። ክትባቱ አለ እኮ፣ ቢሾፍቱ ነው የሚሠራው። አንዲት ጠብታ ዓይኗ ላይ፣ በቃ። በየሦስት አራት ወሩ ትደግመዋለህ። ችግሩ ብልቃጡ ለመቶ ምናምን ዶሮ ነው፤ ከተበጠበጠ ደግሞ ማደር የለበትም። ዘጠኝ ዶሮ ያላት ሴት ምን ታድርገው? እኔ አንድ ቅዳሜ እመርጥና በየቤቱ ዞሬ እናገራለሁ። ያን ቀን ይህ ግቢ ጠበል የመጣ ሰው ነው የሚመስለው፤ ሁሉም ዶሮውን ታቅፎ ይሰለፋል። ሕፃናቱ የየራሳቸውን ዶሮ ስም እየነገሩኝ ነው የማስከትበው። «ይቺ ትዕግሥት ናት፣ ይኼ ሜሲ ነው።» ይገርምሃል፣ ከፈንግሉ በፊት እዚህ ሠፈር ለዶሮ ስም የሚያወጣ እኔ ብቻ ነበርኩ።

እኔ፦ ሽለምጥማጥስ? እንጦጦ ሥር ስለሆኑ...

እትዬ አስካለ፦ እሱ አንድ ሌሊት ሦስቱን ፈጅቶ አንዷን እንኳ ሳይበላ ሄደ። አለቀስኩ፣ የቆርቆሮ በር አሠራሁ፣ አለቀ። ዶሮ በጨለማ አታይም፤ አይታ መሸሽ አትችልም፤ እሱ ነው የሚያሳዝነኝ። አውሬ ግን አውሬ ነው። ፈንግሉን እኔ ነኝ በእጄ ይዤው የገባሁት።

(ሊቀመንበር ቀረብ ብላ ሻምበልን ሽቅብ አየችው። እሱም ቁልቁል አያት። አንገቱን ነካ አደረግሁት፤ ልቡ ከመዳፌ ሥር እንደ ስፌት መኪና ይመታል።)

እኔ፦ እንደ አውራ የምትጮህ ሴት ዶሮ ነበረችዎት ይባላል።

እትዬ አስካለ፦ ሻሼ! እሷን እንዴት ሰማህ? አዎ። አራት ዓመት እንቁላል ስትጥል የኖረች ሴት አንድ ጠዋት አጥር ላይ ወጥታ «ኩኩሉ» አለች። ሠፈሩ ተነሳ። «ሟርት ነው፣ አሁኑኑ ትታረድ!» የማይመጣ ሰው የለም። አንዱማ ቢላውን ይዞ መጣ፤ በነፃ ሊያግዘኝ። እኔ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሴት ዶሮ የሚሠራው የግራ እንቁልጢዋ ብቻ ነው። እሱ ከታመመ የቀኙ፣ ተኝቶ የኖረው፣ ይነሳና የወንድ ጠባይ ያመጣባታል። ኩክኒዋ ይቀላል፣ ትጮሃለች። የታመመች አሮጊት ናት እንጂ ሟርት አይደለችም። ሰው ግን ይህን ማብራሪያ አይሰማም። በመጨረሻ «ንስሐ አባቴን ጠይቄያለሁ፣ ምንም አይደለም ብለዋል» አልኳቸው።

እኔ፦ ጠይቀው ነበር?

እትዬ አስካለ፦ (ፈገግ አሉ) በኋላ ጠየቅኋቸው። አንድ ዓመት ተኩል ኖረች። በ1998 ዓ.ም. ደግሞ የወፍ ጉንፋን ገባ ተብሎ አገር ሲታመስ፣ የዶሮ ዋጋ ሲወድቅ፣ እነዚያው ሰዎች ተመልሰው መጡ፤ ሁሉንም ቅበሪያቸው ብለው። የተጠረጠሩት ተመርምረው ነፃ መሆናቸው ተነገረ። በማግሥቱ ከጠያቂዎቼ አንዷ እንቁላል ልትገዛኝ መጣች።

እኔ፦ እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ እንዳይቆጡኝ። ዶሮ ወጥ ይበላሉ?

እትዬ አስካለ፦ እበላለሁ።

እኔ፦ ይበላሉ!

እትዬ አስካለ፦ ምን ያስደነግጥሃል? እናትህ ቤት ስንት ፋሲካ አብረን ፈሰክን? አሥራ ሁለት ብልት ተበልታ፣ ታጥባ ታጥባ ነጥታ፣ ሽንኩርቱ ሌሊቱን ሲቁላላ አድሮ፤ ይህን ትቼ ልሙት? ስሟን የማላውቃትን እበላለሁ።

እኔ፦ ይህ ግን ማምለጫ አይመስልዎትም? ስም የሌላት ዶሮም እኮ ትታቀፋለች፣ ለጫጩቷ ትመልሳለች፣ እርስዎ ራስዎ አሁን የነገሩኝን ሁሉ ታደርጋለች። ልዩነቱ እኛ አለማወቃችን ብቻ ነው።

እትዬ አስካለ፦ ማምለጫ ነው። ማን አይደለም አለህ? ሰባ አንድ ዓመት ሙሉ ያላስታረቅኩት ነገር ነው። መጽሐፍ አንባቢው አንተ ነህ፤ አንተ አስታርቀው።

እኔ፦ እኔማ ያነበብኩት ነገሩን ያብሰዋል። ዩልየስ ቄሳር ብሪታንያ በዘመተ ጊዜ ስለ አገሩ ሰዎች ሲጽፍ፣ ዶሮ መብላት ነውር ነው ይላሉ፣ ግን ለደስታቸው ብለው ያረባሉ ብሏል። በኛም አገር ትግራይ ውስጥ፣ መዝብር በሚባል ከአክሱም መንግሥት በፊት በነበረ መንደር፣ የዶሮ አጥንት ተገኝቷል፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ ስምንት መቶ ዓመት የሚጠጋ። ዶሮ ከእስያ ባሕር ተሻግራ መጥታ እዚያ ስትደርስ ለድስት ይሁን ለጩኸቷ፣ ማን ያውቃል።

እትዬ አስካለ፦ ሰዓት ባልነበረበት አገር ለጩኸቷ ነው የምልህ እኔ። አባቴ ሌሊት ለጸሎት የሚነሳው በዶሮ ነበር። ሞኝነታችንን እይ፤ ፋሲካ ሌሊት ጾሙ የሚፈታው ዶሮ ሲጮህ ነው። እሱው ጮሆ ይነግረናል፣ እኛ ተነስተን ወንድሙን እንበላለን።

እኔ፦ እኔ ደግሞ የማስታውሰው እናቴን ነው። አባቴ ለሥራ ክፍለ ሀገር በነበረ ጊዜ፣ በበዓል ዋዜማ በአንድ እጇ ዶሮ በሌላ እጇ ቢላ ይዛ በር ላይ ትቆም ነበር፤ የሚያልፍ ወንድ ባርኮ እንዲያርድላት። መንገደኛው ኮቱን አውልቆ፣ አርዶ፣ እጁን ታጥቦ፣ መንገዱን ይቀጥላል። እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ ቢላውን ለኔ ሰጠችኝ። ያን ቀን ትልቅ ሰው የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ማታ ግን አልበላሁም።

እትዬ አስካለ፦ አልበላህም?

እኔ፦ ሆዴን አመመኝ አልኳት።

እትዬ አስካለ፦ ያኔ ሆድህን አመመህ፣ አሁን እንቅልፍህ መጣ። (ዶሮውን ከክንዴ ተቀበሉኝ። እግሩን ገልበጥ አድርገው አዩ፣ ዓይኑን ከፈት አደረጉ፣ ጅራቱ ሥር ያለውን ላባ ለየት ለየት እያደረጉ ቅማል ፈለጉ። እጃቸው የሐኪም እጅ ነው።) ቀይ ክር እግሩ ላይ ያሰረችው እሷ ናት?

እኔ፦ እንዳይጠፋባት።

እትዬ አስካለ፦ እንግዲህ ስማ። ይህን እዚህ ትተወዋለህ። ልጅህን ግን አትዋሻትም። «እትዬ አስካለ ጋ ነው፣ አለ» ትላታለህ፤ የበዓሉ ማግሥት ታመጣታለህ። ነገ ስቅለት ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት ሌላ ትገዛለህ። ዋጋው ያቃጥልሃል፤ ይገባሃል። ገዝተህም ሦስት ሳምንት አታቆየው፤ ያን ዕለት እረደው። ልጅቷ ከጠየቀችህ የገዛኸው ለወጥ መሆኑን ንገራት። ከሻምበል ጋር የምታገናኘው እሷ ራሷ ከሆነች፣ ታገናኘው።

እኔ፦ አልበላም ብትልስ?

እትዬ አስካለ፦ አይብ ትብላ። (ወደ ጓዳ ገብተው ትልቅ ቅርጫትና ድንጋይ ይዘው ወጡ።) ና፣ ማድ ቤቱ ውስጥ እናስገባው። ሁለት ሳምንት ለብቻው። አንዴ ተቀጥቻለሁ።

ማድ ቤቱ ጥግ ላይ ቅርጫቱን ደፍተንበት፣ ድንጋዩን ከላይ ጫንንበት። በቀርከሃው ቀዳዳ ቀዩ ኩክኒው ብቻ ይታያል። ስንወጣ ፀሐይ ከእንጦጦ ጀርባ ልትገባ ነው። ዶሮዎቹ አንድ በአንድ ወደ ቆጡ መሄድ ጀምረዋል። ሊቀመንበር ግን የማድ ቤቱ ደፍ ላይ ቆማ ወደ ውስጥ ታያለች።

እትዬ አስካለ፦ ገና ከአሁኑ! በሊቀመንበር ላይ ሻምበል መጣብን። (እሽ! ብለው አባረሯት።)

ቅዳሜ ዕለት ሌላ ዶሮ ገዛሁ። ነጭ ነበር፤ ከዚያ በላይ አላየሁትም፤ እንዳላየው ተጠንቅቄ ነው። ሌሊት ወደ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ባለቤቴ የድስቱን ክዳን አነሳች። ልጄ እንቅልፍ እያዳፋት ማዕዱ ዳር ተቀምጣለች። ስልኬ ጮኸ፤ እትዬ አስካለ ናቸው። ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸው ቅዳሴውን በቴሌቪዥን ነው የተከታተሉት። «እንኳን አደረሳችሁ» ሳይሉ «ለልጅቷ ስጣት» አሉኝ።

ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረግሁላት። ድምፁ እኔም ድረስ ይሰማል፤ የታፈነ፣ ከቅርጫት ሥር፣ ገና መጮህ የሚለምድ አውራ ድምፅ።

«አባዬ፣ ሻምበል ነው!» አለች። በግራ እጇ ስልኩን እንደያዘች በቀኟ የዶሮ እግር አንስታለች። ፊቷን አየሁ። ሁለቱንም አልለቀቀችም።